የደበዘዘው ማኅተም

(ከፍርድ ቤቱ አጥር ውጭ፣ በዝናብ፣ በማመልከቻ ጸሐፊ ጃንጥላ ሥር፤ ጡረታ የወጡት ዳኛ ሸዋንግዛው ደምሰው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ የጽሕፈት መኪናው ፊት ያለው አሥራደው ቢሻው ነው፤ ዳኛው ድምፁን አልለዩትም።)

ሸዋንግዛው፦ «በዕድሜ ምክንያት የመጣ መጠነኛ የዓይን ድካም» ብለህ ጻፍ አልኩህ እኮ! ምን ትጨቀጭቀኛለህ?

አሥራደው፦ የጠየቅኩት መጠኑን ነው። መጠነኛ ሲሉ እስከ ምን ድረስ ነው?

ሸዋንግዛው፦ ጸሐፊ ነህ ወይስ ሐኪም? የምልህን ምታ።

አሥራደው፦ እየመታሁ ነው።

ሸዋንግዛው፦ አልመታህም። መኪናው ዝም ብሏል።

አሥራደው፦ ጆሮዎ አይጣል ነው፣ ጋሼ።

ሸዋንግዛው፦ ክቡር ዳኛ።

አሥራደው፦ ጡረታ ወጥተዋል ብዬ ነው።

ሸዋንግዛው፦ ጡረታ የወጣሁት ከሥራው ነው፤ ከማዕረጉ አልወጣሁም። ቀጥል። «ከሳሽ የወንድሜ ልጅ ናሁሠናይ፣ የጡረታ ውክልና ማደሻ ነው ብሎ ያቀረበልኝን ወረቀት አታሎ አስፈርሞኛል። ወረቀቱ መኖሪያ ቤቴን በስጦታ ለእሱ የሚያስተላልፍ መሆኑን ያወቅሁት ቤቱን ልቀቅ የሚል መጥሪያ ሲደርሰኝ ነው። ስለዚህ ክሱ ውድቅ ተደርጎ፣ ከሳሹ በማታለል ወንጀል ተይዞ፣ ሌላውን በሚያስተምር ከባድ ቅጣት...»

አሥራደው፦ ይህ የመከላከያ መልስ ነው። ቅጣት አይጠየቅበትም።

ሸዋንግዛው፦ አንተ ነህ እኔን ሕግ የምታስተምረኝ? ጃንጥላ ሥር ተቀምጠህ?

አሥራደው፦ ጃንጥላው የሚከልለው ዝናቡን ነው፤ ሕጉ እዚህም ይደርሳል። ለመሆኑ ለምን ጠበቃ አልያዙም?

ሸዋንግዛው፦ የዚህ ከተማ ጠበቃ ሁሉ እኔ ፊት እየተንቀጠቀጠ ነው ያደገው። ዛሬ ሄጄ «የወንድሜ ልጅ አታለለኝ» ልበላቸው? ማታ በየግሮሰሪው መሳቂያ ልሁን?

አሥራደው፦ እኔ ዘንድስ ምን አመጣዎት?

ሸዋንግዛው፦ ባጃጁ በሩ ላይ አወረደኝ። የመኪናህን ድምፅ ሰምቼ መጣሁ። ሌሎቹ በላፕቶፕ ነው አሉ የሚጽፉት። አይሰሙም። ስንት ሰዓት ሆነ?

አሥራደው፦ የእጅ ሰዓት አስረዋል እኮ።

ሸዋንግዛው፦ ቆሟል።

አሥራደው፦ እየሄደ ነው፤ ከዚህ ይታየኛል። አሥር ሰዓት ከአምስት ይላል። መዝገብ ቤቱ አሥራ አንድ ላይ ይዘጋል። የመልስ ማስገቢያ ቀንዎ ደግሞ ዛሬ ነው።

ሸዋንግዛው፦ ዛሬ ካልገባ መልስ የመስጠት መብቴ ይታለፋል። አውቃለሁ። የስንቱን መብት ያለፍኩ እኔ ነኝ።

አሥራደው፦ እንግዲያው አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ክሱ ላይ የምስክሮች ቃል ተያይዟል። ሦስቱም «ዳኛው ወረቀቱን ገጽ በገጽ እያገላበጡ አንብበው ፈረሙ» ይላሉ።

ሸዋንግዛው፦ ዋሽተዋል!

አሥራደው፦ አላገላበጡም?

ሸዋንግዛው፦ አገላብጫለሁ።

አሥራደው፦ አላነበቡም?

ሸዋንግዛው፦ በዕለቱ ዓይኔ ደክሞ ነበር አልኩህ!

አሥራደው፦ በዕለቱ። ዛሬስ?

ሸዋንግዛው፦ ዛሬ ደህና ነው።

አሥራደው፦ እግዚአብሔር ይመስገን። እስካሁን የጻፍኩትን አንድ ጊዜ ይዩልኝ፤ ስህተት ካለ ሳይረፍድ ላርመው። ይኸው፣ ይያዙ።

ሸዋንግዛው፦ አምጣ። ህም... መጥፎ አይደለም። ሦስተኛው መስመር ላይ ትንሽ ተጨናንቋል እንጂ፣ ያልኩህን ነው የጻፍከው።

አሥራደው፦ ክቡር ዳኛ።

ሸዋንግዛው፦ አቤት?

አሥራደው፦ የያዙት ባዶ ወረቀት ነው። ምንም አልተጻፈበትም። ሦስተኛ መስመር የለውም።

ሸዋንግዛው፦ አንተ ባለጌ! በሽማግሌ ትጫወታለህ? ማነው ስምህ? ነገ ጠዋት ፈቃድህን አስነጥቅሃለሁ!

አሥራደው፦ እሱን አንዴ አስነጥቀውኛል። ሌላ የለኝም።

ሸዋንግዛው፦ ምን አልክ?

አሥራደው፦ አሥራደው ቢሻው እባላለሁ። የወይዘሮ ጠጅነሽ ጠበቃ ነበርኩ።

ሸዋንግዛው፦ ያ... ያ ተሳዳቢው?

አሥራደው፦ ያ ተሳዳቢው።

ሸዋንግዛው፦ አገር ለቀህ ሄድክ ብለውኝ ነበር።

አሥራደው፦ የትም አልሄድኩም። ከችሎትዎ በር እስከዚህ ጃንጥላ አርባ እርምጃ ነው። እዚሁ አሥራ አራት ዓመት ተቀምጫለሁ። በየጠዋቱ በፊቴ ያልፉ ነበር፤ ዓይንዎ ደህና በነበረ ጊዜም አላዩኝም።

ሸዋንግዛው፦ ወረቀቶቼን መልስ። ሌላ ጸሐፊ ዘንድ እሄዳለሁ።

አሥራደው፦ ይኸው ክላሰርዎ። አብዛኞቹ ዝናቡን ፈርተው ጠቅልለው ገብተዋል። አንዱ ግን ከመንገዱ ማዶ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ደጃፍ አለ። ይሂዱ።

ሸዋንግዛው፦ በየት በኩል?

አሥራደው፦ ያዩታል እኮ። ዛሬ ዓይንዎ ደህና ነው።

ሸዋንግዛው፦ እሄዳለሁ! ማን ያቆመኛል?

አሥራደው፦ ማንም። በግራዎ የውሃ ቦይ አለ፤ ክዳኑን ሌባ ወስዶታል። ሁለት እርምጃ ነው የቀረዎት። አሁን አንድ። ወደ ኋላ ይመለሱ። በርጩማው እዚያው ነው። እንደዚያ። ክላሰሩንም ይስጡኝ፤ ይረጥባል።

ሸዋንግዛው፦ ትስቃለህ አይደል?

አሥራደው፦ አልሳቅኩም። አሥራ አራት ዓመት ይህን ቀን ሳስብ ግን የምስቅ ይመስለኝ ነበር።

ሸዋንግዛው፦ ስማ፣ የሴትዮዋ ጉዳይ በሕግ ነው የተወሰነው።

አሥራደው፦ በሕግ! ወይዘሮ ጠጅነሽ ዕውር ናቸው። የእህታቸው ልጅ የቀበሌ መታወቂያ ማሳደሻ ነው ብሎ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክሮ አስፈረማቸው። ወረቀቱ የቤት ስጦታ ሆኖ ተገኘ። ይህን ታሪክ አሁን ከራስዎ አፍ አልሰማሁትም? ሕጉን ቆሜ አነበብኩልዎ፤ ዕውር ሰው የፈረመበት ወረቀት በሬጅስትራር ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠለት አያስገድደውም። ያን ሕግ የሚያህል ግልጽ ሕግ በዚህ አገር የለም። እርስዎ ምን ብለው ፈረዱ?

ሸዋንግዛው፦ የስንት ዓመት ነገር ነው፤ አላስታውስም።

አሥራደው፦ እኔ በቃሌ ይዤዋለሁ። «የፈረመ ሰው እንዳነበበ ይቆጠራል። ማንበብ ካልቻለም፣ ያነበበለትን ሰው ማመኑ የራሱ ፈንታ ነው።»

ሸዋንግዛው፦ ሴትዮዋ ዕውር መሆኗ በሕክምና ማስረጃ አልተረጋገጠም ነበር።

አሥራደው፦ ዱላ ይዘው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው እያናገሩዎት? «ምንሽ ነው ችግርሽ?» አሏቸው። «ዕውር ነኝ፣ ጌታዬ» አሉ። «አልሰማሁም፤ ጮክ በይ» አሉ እርስዎ። ደገሙት። «አልሰማሁም፤ ጮክ በይ።» ሦስተኛውን ጮኹ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። የሰባ ዓመት ባልቴት ዕውር ነኝ እያሉ ሲጮኹ ችሎት ሙሉ ሰው ሳቀባቸው። እኔ ብድግ ስል ነው እርስዎ የተቆጡት።

ሸዋንግዛው፦ ያልከኝንስ ትረሳዋለህ? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት!

አሥራደው፦ «እዚህ ችሎት ውስጥ ዕውሩ አንድ ሰው ብቻ አይደለም» ነው ያልኩት። ቀደም ብዬ ተናገርኩ እንጂ አልተሳሳትኩም።

ሸዋንግዛው፦ ችሎት ደፍረሃል፤ ቀጣሁህ።

አሥራደው፦ አሥራ አምስት ቀን አሰሩኝ። አልበቃዎትም፤ ደብዳቤ ጽፈው የጥብቅና ፈቃዴን አስቀሙኝ። ከእስር ስወጣ ምን እንዳደረግሁ ያውቃሉ? ሦስት ወር ሙሉ ከረባት አስሬ፣ ቦርሳ ይዤ፣ በየጠዋቱ ፍርድ ቤት እመጣ ነበር። ቦርሳው ውስጥ ምሳዬ ብቻ ነበር። ቀጠሮ ያለኝ መስዬ በኮሪደሩ ስመላለስ እውላለሁ። አንድ ቀን ወይዘሮ ጠጅነሽ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ኮቴዬን አወቁት። «ልጄ፣ ከጠዋት ጀምሮ እሰማሃለሁ፤ የትም አትሄድም። አሁንስ አረፍ በል» አሉኝ። በነጋታው ይህን መኪና ገዝቼ እዚህ ተቀመጥኩ።

ሸዋንግዛው፦ እና ዛሬ ቤቴን አስወስደህ ልትበቀለኝ ነው።

አሥራደው፦ ክሱ መጨረሻ ላይ የተያያዘውን አይተውታል?

ሸዋንግዛው፦ ምንድን ነው?

አሥራደው፦ የእርስዎ ፍርድ ነው። የወይዘሮ ጠጅነሽ። የናሁሠናይ ጠበቃ ከመዝገብ ቤት አስወጥቶ «ተከሳሹ ራሳቸው በዚሁ ዓይነት ጉዳይ እንደፈረዱት» ብሎ አያይዞታል። ፊርማዎ ከነማኅተሙ አለበት።

ሸዋንግዛው፦ ይህን... ይህን አላነበብኩትም።

አሥራደው፦ የፈረመ ሰው እንዳነበበ ይቆጠራል።

ሸዋንግዛው፦ በቃህ!

አሥራደው፦ ገና መች ጀመርኩና። ከመቼ ጀምሮ ነው?

ሸዋንግዛው፦ ምኑ?

አሥራደው፦ ያውቁታል።

ሸዋንግዛው፦ ...ሁለት ዓመት አለፈው። መጀመሪያ የግራው፣ ቀጥሎ የቀኙ። ግላኮማ ነው አለኝ ሐኪሙ። አይመለስም አለኝ። አመስግኜው ወጣሁና ከበሩ ላይ ጋዜጣ ገዛሁ።

አሥራደው፦ ጋዜጣ ለምን?

ሸዋንግዛው፦ በየጠዋቱ ካፌው በረንዳ ላይ ጋዜጣ ማንበብ ልማዴ ነዋ። ብተወው ሰው ይጠይቃል። ከቤቴ እስከ ካፌው አራት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። ተቀምጬ እዘረጋዋለሁ፤ እስከ መቶ ሃያ ቆጥሬ ገጹን እገልጣለሁ። አንዳንዴ ጭንቅላቴን እነቀንቃለሁ፣ ዜናው እንዳናደደኝ።

አሥራደው፦ ብዙ ቀን ገልብጠው ነበር የሚይዙት።

ሸዋንግዛው፦ ማን አለህ?

አሥራደው፦ ከተማው ሁሉ አይቷል።

ሸዋንግዛው፦ አይተው ዝም አሉኝ? ሁለት ዓመት?

አሥራደው፦ ይፈሩዎታላ። ሠላሳ ዓመት ሰው ሲያስፈራሩ ኖሩ፤ አሁን ጋዜጣው ተገልብጧል የሚልዎት አንድ ሰው እንኳ ጠፋ።

ሸዋንግዛው፦ አልጠፋም። አንድ ሰው ነበር። ናሁሠናይ። አንድ ጠዋት መጣና ጋዜጣውን ከእጄ ቀስ አድርጎ ወስዶ፣ አቃንቶ መለሰልኝ። ምንም አላለም። ጉንጬን ስሞኝ ሄደ። ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፤ ልጅ ባልወልድም ልጅ አለኝ ብዬ። በሳምንቱ ወረቀቱን ይዞ መጣ። የካፌ ጓደኞቼን ሦስቱንም ለምስክርነት ጠርቶ አምጥቷቸዋል። እነሱ ፊት «አንብብልኝ» ልበለው?

አሥራደው፦ አላሉትም።

ሸዋንግዛው፦ እንደማልለው አውቆ ነው ያመጣቸው! ጋዜጣውን ያቃናልኝ ሊለካኝ ኖሯል። እስር ቤት ሆኖ ፀጉሩ ሲሸብት ሳላየው... ሳልሰማው አልሞትም። ጻፍ! ስንት ሰዓት ነው?

አሥራደው፦ አሥር ሰዓት ከሃያ አምስት። በምን ሊያሳስሩት ነው? «በመጠነኛ የዓይን ድካም»?

ሸዋንግዛው፦ ምን አለበት?

አሥራደው፦ ይኸውልዎ፣ እንዳሉኝ ጽፌዋለሁ፤ መጀመሪያ ያስጻፉኝ እዚህ በቀኜ በኩል ተቀምጧል። ዓይኑ የሚያይ፣ ሕግ የሚያውቅ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት የፈረደ ሰው ወረቀት አገላብጦ ፈረመ። ይህን ብቻ ነው የሚለው። ይህን ፈርመው አስገብተው ቢሆን ቤቱን በገዛ እጅዎ አስረክበውት ነበር። እኔ አንድ ፊደል መጨመር አያስፈልገኝም ነበር።

ሸዋንግዛው፦ ታዲያ ለምን ዝም አላልክም?

አሥራደው፦ ዝም ብል ኖሮ ናሁሠናይ ነው ያሸነፈኝ ብለው ይኖሩ ነበር። ያ ለእኔ ምን ይረባኛል? እኔ መሆኔን እንዲያውቁ ነው የፈለግሁት።

ሸዋንግዛው፦ አወቅሁ። አሁንስ?

አሥራደው፦ ክሱ ውስጥ አንድ ነገር አግኝቻለሁ። እርስዎ ሲፎክሩ እኔ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የናሁሠናይ ጠበቃ ራሱ ሳያስተውለው ነው ያስገባው። አንድ መስመር ናት፤ ቤትዎን ታድናለች።

ሸዋንግዛው፦ የትኛው መስመር?

አሥራደው፦ አልነግርዎትም።

ሸዋንግዛው፦ ስንት ልክፈልህ?

አሥራደው፦ ቢያወጡት የትኛው መቶ፣ የትኛው ሁለት መቶ መሆኑን ሊጠይቁኝ ነው። ብር አልፈልግም። ከእርስዎ የምፈልገው ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፤ እዚሁ መልስ ውስጥ። አንደኛው «ዕውር ነኝ» የሚል።

ሸዋንግዛው፦ ሁለተኛውስ?

አሥራደው፦ «በወይዘሮ ጠጅነሽ ወልደየስ ላይ የሰጠሁት ፍርድ ስህተት ነበር። ዕውር መሆናቸውን እያየሁ ነው የፈረድኩባቸው» የሚል።

ሸዋንግዛው፦ አብደሃል። መዝገቡ ተዘግቷል፤ ይህ ዓረፍተ ነገር ቤቷን አይመልስላትም። አንተም ታውቃለህ።

አሥራደው፦ መዝገቡ ሞቷል፤ ሴትዮዋ ግን አልሞቱም። ከቤታቸው ጓሮ ባለች፣ ድሮ ከሰል ያስቀምጡባት በነበረች ክፍል ውስጥ ነው የሚኖሩት፤ ያ የእህታቸው ልጅ ራርቶላቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ስለ ቤቱ አንድም ቀን አንስተው አያውቁም። የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ያ ዳኛ ያን ዕለት እውነት አልሰማኝም ነበር?» ይሉኛል። አሥራ አራት ዓመት መልስ አጥቼ ተመልሻለሁ። በፊታችን ቅዳሜ መልስ ይዤ መሄድ እፈልጋለሁ። አሥር ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ሸዋንግዛው፦ ሰምቻታለሁ።

አሥራደው፦ ምን አሉ?

ሸዋንግዛው፦ የመጀመሪያውን ነው የሰማሁት። ድምጿ ደህና ነበር።

አሥራደው፦ ታዲያ ለምን አስጮኋቸው?

ሸዋንግዛው፦ በአንተ ምክንያት። በዚያ ዓመት ሁለት ፍርዴን በይግባኝ አሽረህብኝ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ የበላይ ፍርድ ቤቱ «የሥር ዳኛው ሕጉን አላዩትም» ብሎ ጻፈብኝ። አንተን መስበር ነበር የፈለግሁት፤ ሴትዮዋ መሐል ገባችብኝ።

አሥራደው፦ መሐል ገቡብዎት! እኔ እኮ አሥራ አራት ዓመት ሰውዬው ሕግ አያውቅም ስል ነው የኖርኩት። በዚያ ነበር የምጽናናው። ያውቁ ኖሯል!

ሸዋንግዛው፦ አውቅ ነበር።

አሥራደው፦ ይህንንም እጽፈዋለሁ።

ሸዋንግዛው፦ ጻፈው። ስለ አንተ የሚለውን ግን ተወው፤ ለፍርድ ቤቱ አይጠቅምም።

አሥራደው፦ ለእኔም አይጠቅምም። ይጀምሩ።

ሸዋንግዛው፦ «እኔ ተከሳሽ፣ የዓይኖቼን ብርሃን ካጣሁ ሁለት ዓመት...»

አሥራደው፦ ግጥም አልጠየቅኩዎትም።

ሸዋንግዛው፦ «ማየት የተሳነኝ...»

አሥራደው፦ ወይዘሮ ጠጅነሽ እንደዚያ አላሉም። ሦስት ፊደል ናት።

ሸዋንግዛው፦ ይህችን ቃል ለሐኪሙ እንኳ አላልኳትም! ብቻዬን ሆኜ፣ ቤቴ ውስጥ፣ በር ዘግቼ አላልኳትም!

አሥራደው፦ እኔም ሦስት ወር ቦርሳ ይዤ ተመላልሻለሁ። ቃሏን ሲሏት ሰማይ አይወድቅም። የሚወድቀው ቦርሳው ነው።

ሸዋንግዛው፦ ... «ዕውር ነኝ።»

አሥራደው፦ መታሁት። ሰሙት?

ሸዋንግዛው፦ ሰማሁት። ቀጥል። «ወረቀቱን ያገላበጥኩት ዕውርነቴን ከምስክሮቹ ለመደበቅ ነው። አላነበብኩትም፤ ላነበውም አልችልም ነበር። በወይዘሮ ጠጅነሽ ወልደየስ ላይ የሰጠሁት ፍርድ ስህተት ነበር። ዕውር መሆናቸውን እያየሁ፣ ነኝ ሲሉም እየሰማሁ ነው የፈረድኩባቸው። ክርክራቸውን የያዙላቸው ጠበቃ ትክክል ነበሩ።»

አሥራደው፦ የመጨረሻውን አልጠየቅኩዎትም።

ሸዋንግዛው፦ አውቃለሁ። መኪናህ ለምን ቆመ? ምታው።

አሥራደው፦ ...መታሁት።

ሸዋንግዛው፦ አሁን መስመሯን ንገረኝ።

አሥራደው፦ የሁለተኛው ምስክር ቃል ናት። ላንብብልዎ። «ዳኛው ወረቀቱን በጥሞና ከተመለከቱ በኋላ፣ ማኅተሙ ደብዝዟል ብለው ናሁሠናይን ወቀሱትና ፈረሙ» ይላል።

ሸዋንግዛው፦ አዎ፣ ብያለሁ። እንድታነብ የተሰጠህን ወረቀት አንድ እንከን ሳታወጣለት ብትፈርም ዳኛ አትመስልም። ምን እንደምል ጠፍቶኝ ነው። ታዲያ ይህ ጎዳኝ እንጂ በምን ያድነኛል?

አሥራደው፦ ወረቀቱ ማኅተም የለውም።

ሸዋንግዛው፦ የለውም?

አሥራደው፦ ቅጂው እጄ ላይ ነው። ማኅተም ብሎ ነገር አልነካውም። ክሱ ራሱ «በግል የተደረገ፣ የማንም መሥሪያ ቤት ማኅተም ያላረፈበት ውል» ይለዋል። ናሁሠናይ ማንበብዎን ሊያስመሰክር ያስጻፈው ቃል፣ የሌለ ማኅተም ደበዘዘ ያሉ ሰው መሆንዎን ይመሰክራል። የእሱው ምስክር፣ በእሱው ክስ፣ በእሱው ፊርማ።

ሸዋንግዛው፦ ሃ! ሃ ሃ! ሞኝ! ይህ ሞኝ ልጅ! ጋዜጣ ማቃናት ያውቃል፤ ክስ ማንበብ አያውቅም! ሦስቱንም ምስክር ለየብቻ አስጠራልኝ፤ ስለ ማኅተሙ ቀለም ይጠየቁ። ክብ ነበር ወይስ ሞላላ ይባሉ!

አሥራደው፦ ጽፌዋለሁ። ጥያቄውን ከነቀለሙ።

ሸዋንግዛው፦ አንተ ሰው፣ ለካ ጠበቃ ነበርክ!

አሥራደው፦ ነበርኩ። አሁን ግን ይፈርሙ። ሩብ ጉዳይ ሆኗል። እስክርቢቶው ይኸው፤ ቦታውን በጣትዎ ላሳይዎ።

ሸዋንግዛው፦ መጀመሪያ አንብብልኝ።

አሥራደው፦ «ተከሳሽ ዕውር ነኝ። ከሳሽ ይህንን አውቆ፣ በጓደኞቼ ፊት ዕውርነቴን እንደማልገልጽ አውቆ፣ ወረቀቱን አቅርቦልኛል...» እያለ ይቀጥላል። ያስጻፉኝ ነው። ማኅተሙም አለበት፤ ወይዘሮ ጠጅነሽም አሉበት።

ሸዋንግዛው፦ ቅድም ሁለት ወረቀት አለ ብለሃል። የዓይን ድካሙም እዚሁ ነው ያለው።

አሥራደው፦ አለ። ጠረጴዛው ላይ፣ ጎን ለጎን ናቸው።

ሸዋንግዛው፦ እጄ ያረፈው የትኛው ላይ ነው?

አሥራደው፦ ያነበብኩልዎ ላይ።

ሸዋንግዛው፦ በምን አውቃለሁ?

አሥራደው፦ ያነበበለትን ሰው ማመኑ የራሱ ፈንታ ነው።

ሸዋንግዛው፦ አሥራደው።

አሥራደው፦ አቤት።

ሸዋንግዛው፦ ማልልኝ።

አሥራደው፦ አልምልም። የፈረመ ሰው እንዳነበበ ይቆጠራል። በእርስዎ ፍርድ ከሄድን ሁለቱ ወረቀቶች ልዩነት የላቸውም። ይፈርሙ፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ ቀርቶታል።

ሸዋንግዛው፦ አልፈርምም።

አሥራደው፦ እንግዲያው ቤቱ ሄደ።

ሸዋንግዛው፦ አልፈርምም ያልኩህ እዚህ ነው። ሬጅስትራሩ አለ አይደል? እሱ ፊት ይነበብልኝ፤ እሱ ፊት እፈርማለሁ።

አሥራደው፦ ለምን እሱ ፊት?

ሸዋንግዛው፦ ሕጉ ስለሚል።

አሥራደው፦ የትኛው ሕግ?

ሸዋንግዛው፦ ቆመህ ያነበብክልኝ ሕግ ነዋ! ሌላ ምን አለ?

አሥራደው፦ ሬጅስትራሩ ለሚያይ ሰው አያነብም። በሩ ላይ ደግሞ ወረፋ አለ፤ ጠበቆች፣ ፖሊሶች፣ ሲገቡ ብድግ ይሉልዎ የነበሩ የችሎት ጸሐፊዎች። ሁሉም ዞር ብለው ያዩዎታል። ለምን ይነበብልኝ አሉ ብለው ሲጠይቁዎት ምን ይላሉ?

ሸዋንግዛው፦ ሁለቱንም ወረቀት ያዝ። ክንድህን ስጠኝ፣ ጠበቃ አሥራደው። ቦዩ በግራ ነው ብለሃል።

አሥራደው፦ በግራ ነው። ምን ይላሉ አልኩዎት?

ሸዋንግዛው፦ ዕውር ነኝ እላለሁ።

አሥራደው፦ አልሰማሁም፤ ጮክ ይበሉ።